ኮምፒውተሩ ሰማያዊ ስክሪን ካበዛ፦ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

ሰማያዊ ስክሪን ያስቸገረውን ኮምፒውተር ይዛችሁ ጅማ ውስጥ ጥገና ቤት ብትሄዱ፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምትሰሙት «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫናል። ሂሳብ ይከፈላል። ኮምፒውተሩ ለጥቂት ቀን ሰላም ይሆናል። ከዚያ ያው ሰማያዊ ስክሪን ይመለሳል። ለምን? በሽታው ዊንዶውሱ ላይ አልነበረማ! ወይ ራሙ (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) በደንብ አልተቀመጠም፣ ወይ ሃርድ ዲስኩ እየሞተ ነው፣ ወይ ኮረንቲው እያወከው ነው። እነዚህን ፎርማት አይነካቸውም።

ስለዚህ እዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጠነዋል። ብርም ፋይልም የማይበላው ሥራ ይቀድማል፤ ፎርማት መጨረሻ ይመጣል። የሚያስፈልጋችሁ ካቻቢቴ፣ የእርሳስ ላጲስ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ፍላሽና ስልካችሁ ነው። አንድ አደራ ብቻ አለኝ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ከዚያ አንድ ሁለት ቀን ተጠቅማችሁ እዩት። ራሙንም ነቅላችሁ፣ ድራይቨሩንም (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም) ቀይራችሁ፣ አንቲቫይረሱንም አጥፍታችሁ ቢድን የቱ እንዳዳነው አታውቁም። ሲመለስባችሁም ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

በዓመት አንዴ ብቅ የሚል ሰማያዊ ስክሪን አያስጨንቅም። ሪስታርት አድርጋችሁ ሥራችሁን ቀጥሉ። እዚህ የምናወራው ስለሚደጋገመው ነው። የፕሮግራም ስሞችንና ትእዛዞችን እንደሚነበቡ በራሳችን ፊደል ጽፌአቸዋለሁ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ስታስገቡ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

ከሁሉ በፊት ፋይላችሁን አውጡ

ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን፣ ነጋዴዎች ሂሳባችሁን፣ ወላጆች የልጆቹን ፎቶ ዛሬውኑ ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። ኮምፒውተሩ በመሃል የሚቋረጥ ከሆነ ከሁሉ የሚብሰውን አስቀድሙ፤ በትንሽ በትንሹም ገልብጡ። ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ፍላሹን ንቀሉት። ይህን ሳታደርጉ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

ስክሪኑን አንብቡት

ሰማያዊው ስክሪን ራሱ በሽታ አይደለም። ዊንዶውስ ከውስጥ ከባድ ስህተት ሲያጋጥመው ፋይል እንዳይበላሽ ብሎ ሁሉንም ነገር ያቆማል። ሲያቆምም ምክንያቱን ከታች ይጽፋል፤ ስቶፕ ኮድ የሚባለው እሱ ነው። ችግሩ፣ ሳታነቡት ኮምፒውተሩ ራሱ ሪስታርት ያደርጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ይህን ባሕርዩን እናጥፋ፦

1. ስታርት ላይ «ቪው አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ» ብላችሁ ፈልጉና ክፈቱ።
2. «ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ» ከሚለው ሥር «ሴቲንግስ» የሚለውን ተጫኑ።
3. «አውቶማቲካሊ ሪስታርት» ላይ ያለውን ምልክት አንሱ። ከታች ካለው ዝርዝር «ስሞል ሜሞሪ ደምፕ» የሚለውን መርጣችሁ ኦኬ በሉ።

ከዚህ በኋላ ስክሪኑ እናንተ እስክታጠፉት ይቆማል። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምን እየሠራችሁ እንደነበር ወረቀት ላይ ጻፉ። የቅርብ ጊዜ የዊንዶውስ 11 አፕዴቶች ላይ ስክሪኑ ጥቁር ሆኗል፤ ያ የተከፋ ፊትም ቀርቷል። ኮዱ ግን እዚያው ስላለ ቀለሙ አያሳስታችሁ።

አሁን ኮዱን እንይ። «ሜሞሪ ማኔጅመንት» ወይም «ፔጅ ፎልት ኢን ኖንፔጅድ ኤሪያ» ካለ ራሙን ቀድማችሁ ጠርጥሩ። «ከርነል ዳታ ኢንፔጅ ኤረር» ካለ ዲስኩ ወይም ገመዱ ነው። «ዊያ አንኮሬክተብል ኤረር» ዕቃው ራሱ እየጮኸ መሆኑን ይነግራችኋል፤ ፕሮሰሰር፣ ሙቀት፣ የኃይል አቅርቦት። «ቪዲዮ ቲዲአር ፌይለር» ወደ ግራፊክስ ድራይቨር ይወስዳል። «አይአርኪውኤል ኖት ለስ ኦር ኢኳል» የሚለው ብዙውን ጊዜ ድራይቨር ነው፤ አልፎ አልፎ ግን ራም ሆኖ ይገኛል።

እኔ ግን ከኮዱ ስም ይበልጥ የማየው መደጋገሙን ነው። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ኮድ፣ አንድ ዓይነት የፋይል ስም ከሆነ ድራይቨር የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ኮዱ ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ፣ ከነገ ወዲያ ሦስተኛ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ወደ ራምና ወደ ኃይል ዙሩ።

ፎቶ ያላነሳችሁት ካለ ስታርት ላይ «ሪላያቢሊቲ ሂስትሪ» ብላችሁ ፈልጉ። በቀን በቀን የተደረደረ ሰንጠረዥ ይመጣል፤ ቀይ ምልክት ያለበት ቀን የተበላሸበት ነው። የመጀመሪያው ቀይ ምልክት ከመታየቱ በፊት ምን ተጭኖ ነበር? አዲስ ጌም? አዲስ የፕሪንተር ድራይቨር? አንዳንዴ ሥራው እዚሁ ያልቃል።

ጠለቅ ማለት ለሚፈልግ «ብሉስክሪንቪው» የምትባል የኒርሶፍት ነፃ ፕሮግራም አለች፤ በጣም ትንሽ ስለሆነች ዳታ አትበላም። ዊንዶውስ ያስቀመጣቸውን ሚኒደምፕ (የብልሽት ማስታወሻ) ፋይሎች አንብባ የተጠረጠረውን ፋይል ታሳያለች። ስሙ በ«ኤንቪ» የሚጀምር ከሆነ የኤንቪዲያ፣ በ«አይጂዲ» ከሆነ የኢንቴል ግራፊክስ፣ በ«አርቲ» ከሆነ ብዙ ጊዜ የሪልቴክ ኔትወርክ ወይም ድምፅ ነው። «ኤንቲኦኤስከርነል» የምትል ስም ካያችሁ ግን ጥፋተኛውን አገኘሁ አትበሉ። እሱ የዊንዶውስ ልብ ነው፤ ሌላው ባጠፋው እሱ ስሙ ይነሳል።

ኮረንቲው

184 ሜጋዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ 1 ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ደጃችን ላይ ተቀምጦ፣ ጅማ ውስጥ መብራት መለስ ቀለስ ሲል ማየት ያናድዳል። ንዴቱን እንተወውና የኮምፒውተሩን ጉዳይ እንይ። መብራት ድርግም ማለቱ ብቻ አይደለም የሚጎዳው። ቮልቴጁ ከ220 በጣም ሲወርድና ሲመለስ ፓወር ሰፕላዩ (የግድግዳውን ኮረንቲ ለኮምፒውተሩ ዕቃዎች የሚያከፋፍለው ሳጥን) ይጨነቃል፤ ያረጀ ከሆነ ደግሞ ለራሙና ለፕሮሰሰሩ የሚሰጠው ኃይል ይዋዥቃል።

ጎረቤታችን እትዬ «ይሄ ኮምፒውተር ቅዳሜን አይወድም» ይሉ ነበር። እውነትም ቅዳሜ ጠዋት ነበር የሚቋረጠው። ቅዳሜ እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ጊዜ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ የእሳቸው ምጣድና ኮምፒውተሩ ደግሞ በአንድ መስመር ላይ ነበሩ። ኮምፒውተሩን ወደ ሌላ መስመር ሲያዛውሩት ቅዳሜን መውደድ ጀመረ። እናንተም የጻፋችሁትን ሰዓት ተመልከቱ። ከምጣድ፣ ከካውያ ወይም ከውኃ ፓምፕ ጋር ይገጥማል?

መደረግ ያለበት ይህ ነው፦ ኮምፒውተሩን ከማከፋፈያ አውጥታችሁ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት። ሶኬቱ የላላ ወይም የሚሞቅ ከሆነ አስቀይሩት። ስታቢላይዘር ቮልቴጁን ያስተካክላል፤ መብራት ሲሄድ ግን አያድንም። ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው የኃይል መጠባበቂያ) ሁለቱንም በመጠኑ ይሠራል፤ ገንዘቡ ካለ ዩፒኤስ ይሻላል። የክረምቱ ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ከግድግዳው ንቀሉት፤ የኔትወርኩንም ገመድ ጭምር።

አንድ ልዩነት እወቁ። ምንም ሰማያዊ ነገር ሳይታይ ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ከጠፋ ይህ ሰማያዊ ስክሪን አይደለም። ብዙ ጊዜ ፓወር ሰፕላይ ወይም ሙቀት ነው። በዊንዶውስ የክስተት መዝገብ («ኢቨንት ቪውር») ላይ «ከርነል ፓወር 41» የሚል ብታዩ «በአግባቡ ሳልዘጋ ጠፋሁ» ማለቱ ብቻ ነው፤ ምክንያቱን አይነግራችሁም። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ግን በፍጹም አትክፈቱት። ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ኃይል ይዞ ይቆያል። ከተጠራጠራችሁት በሌላ ቀይራችሁ ሞክሩ።

ትንሿ ባትሪ

ያገለገሉ ዴስክቶፖች ላይ በጣም የሚረሳ ነገር ነው። መብራት በሄደ ቁጥር የኮምፒውተሩ ቀን ወደ ድሮ ዓመት የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ (ሌሎቹ ዕቃዎች የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ያለችው ክብ ባትሪ፣ ሲአር 2032፣ አልቃለች። ከቀኑ ጋር የባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ሴቲንጉም ይጠፋል። አንዳንድ ማሽኖች ላይ የዲስኩ አሠራር ከ«ኤኤችሲአይ» ወደ «ሬይድ» ይቀየርና ዊንዶውስ ሲነሳ «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» ብሎ ሰማያዊ ይሆናል። ዲስኩ ምንም አልሆነም። ባትሪዋን ቀይሩ፣ ባዮስ ገብታችሁ ወደ ነበረበት መልሱት፣ አለቀ። እንዲህ ሆኖ በከንቱ ፎርማት የተደረገ ኮምፒውተር ስንት እንደሆነ ቤት ይቁጠረው።

ራሙ

1. ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ። የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭናችሁ ያዙ፤ የቀረው ኃይል ይውጣ።
2. የጎኑን ክዳን ክፈቱ። ቀለም ያልተቀባውን የሳጥኑን ብረት በእጃችሁ ንኩ፤ በሰውነታችሁ ያለው ስታቲክ ራሙን እንዳይጎዳው።
3. የራሙን መያዣዎች ወደ ጎን ገፋ ስታደርጓቸው ራሙ ብቅ ይላል። ጫፎቹን ብቻ ይዛችሁ አውጡት።
4. ወርቃማውን መስመር በላጲስ ቀስ ብላችሁ እሹት፤ ብናኙን በደረቅና ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ውኃ አይነካውም። ማስገቢያውን በብሩሽ አጽዱ።
5. አቅጣጫውን አይታችሁ መልሱት። መያዣዎቹ «ቀጭ» እስኪሉ ድረስ ጫን በሉት።

ጅማ ዝናቧ ረጅም ነው፤ ቤቱም እርጥበት ያዝ ያደርጋል። ለዚህ ይመስለኛል፣ ይህች የላጲስ ሥራ ብቻዋን ብዙ ኮምፒውተር ስታድን አይቻለሁ። ላፕቶፕ ላይ አንዳንዱ ራም ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ ሊነቀል አይችልም።

ካልዳነ እንፈትነው። ሁለት ራም ካላችሁ አንዱን አውጥታችሁ በአንዱ ብቻ ተጠቀሙ፤ ከዚያ አቀያይሩ። በአንዱ ብቻ ሲሠራ ሰላም፣ በሌላው ሲሠራ ሰማያዊ ከሆነ ሌባው ተያዘ። ሁለቱም ለየብቻ ሰላም ሆነው አንድ ላይ ካልተስማሙ ደግሞ ፍጥነታቸውንና ዓይነታቸውን እዩ፤ ከተለያየ ሱቅ የተገዙ ራሞች ሁልጊዜ አይግባቡም። ባዮስ ላይ «ኤክስኤምፒ» የሚባል የራም ማፍጠኛ በርቶ ከሆነ አጥፉት።

አንድ ራም ብቻ ያላችሁ «ዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ»ን ከስታርት ፈልጋችሁ አስነሱት። ፈተናው ሲጀምር ኤፍ 1ን ተጭናችሁ «ኤክስቴንድድ» የሚለውን ምረጡ። ጊዜ ይወስዳል፤ ማታ ማስጀመር ይሻላል። አንድም ስህተት ቢገኝ ቀላል አይደለም። ምንም አልተገኘም ማለት ግን ራሙ ነፃ ነው ማለት አይደለም። «ሜምቴስት 86»ን ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ብትፈትኑት ይበልጥ ጥብቅ ነው።

ሙቀትና አቧራ

ቡና በየቀኑ የሚቆላበት፣ እጣን የሚጨስበት ሳሎን ጥግ ላይ የተቀመጠ ኮምፒውተር ውስጡ የሚገኘው አቧራ ደረቅ አይደለም፤ ይለጠፋል። ክዳኑን እንደከፈታችሁ ማራገቢያውንና ከሥሩ ያለውን ብረት በብሩሽ አጽዱ። ብሎወር የምትጠቀሙ ከሆነ ማራገቢያው በኃይል እንዳይሽከረከር በጣታችሁ ያዙት። በ«ኤችደብሊው ሞኒተር» ሙቀቱን ተመልከቱ፤ ምንም ከባድ ሥራ ሳይሠራ ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሆነ የፕሮሰሰሩ ቴርማል ፔስት (ሙቀቱን ወደ ማቀዝቀዣው ብረት የሚያሻግረው ቅባት) ሳይደርቅ አይቀርም። ላፕቶፕ ብርድ ልብስ ላይ አይቀመጥም፤ መተንፈሻው ከሥር ነው።

ሃርድ ዲስኩ

«ክሪስታልዲስክኢንፎ»ን ጫኑ። ሰማያዊ «ጉድ» ካለ ጥሩ ነው። ቢጫ «ኮሽን» ካለ ዲስኩ መጎዳት ጀምሯል። ቀይ ከሆነ አዲስ ዲስክ መግዣ ፈልጉ። ከዚህ በተጨማሪ «ጭቅ ጭቅ» የሚል ድምፅ ካለው አትመራመሩ፤ ፋይላችሁን አውጡና አስወግዱት። ዴስክቶፕ ላይ የዲስኩን ገመድ ነቅሎ መልሶ መሰካት፣ ከተቻለም መቀየር፣ ርካሽ ሙከራ ነው።

ዲስኩ ደህና ከሆነ ብቻ፦ «ዚስ ፒሲ» ውስጥ ሲ ድራይቭን በቀኝ ቁልፍ ተጫኑ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ቱልስ»፣ «ቼክ»። ሊሞት ባለ ዲስክ ላይ ረጅም ፍተሻ መጀመር ሞቱን ሊያፋጥነው ይችላል፤ ቅደም ተከተሉን አትዝለሉት።

ድራይቨር

ድራይቨር በዊንዶውስ የውስጠኛው ክፍል የሚሠራ ፕሮግራም ስለሆነ፣ ሲሳሳት ማሽኑን በሙሉ ይዞ ይወድቃል። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነውን አስታውሱ። ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ድርጅት አንድ የተበላሸ አፕዴት ለቀቀና ወደ 8.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ኮምፒውተሮች በሰማያዊ ስክሪን ተያዙ፤ አውሮፕላን ማረፊያዎችና ባንኮች ሳይቀሩ ቆሙ። መፍትሔው ምን ነበር? በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ በሚነሳበት ሁኔታ) ገብቶ ያንን ፋይል ማጥፋት። ፎርማት አላስፈለገም።

ችግሩ ከአፕዴት በኋላ ከጀመረ «ዲቫይስ ማኔጀር»ን ክፈቱ። የተጠረጠረውን ዕቃ በቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ድራይቨር»፣ «ሮል ባክ ድራይቨር» በሉ። ይህ ከሌለ ከኮምፒውተሩ አምራች ድረ ገጽ የሞዴላችሁን ድራይቨር አውርዱ። «ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጠቅታ አዘምናለሁ» ከሚሉ ፕሮግራሞች ራቁ። ሁለት አንቲቫይረስ አንድ ላይ አይጫንም። ክራክ ነገር (ሳይከፈልበት በሕገ ወጥ መንገድ የተከፈተ ፕሮግራም) ደግሞ፣ በተለይ «አንቲቫይረሱን አጥፋና ጫነኝ» የሚለው፣ ሰማያዊ ስክሪኑ ሲያንስ ነው።

የዊንዶውስ ፋይሎች

መብራት በድንገት ሲሄድ የዊንዶውስ ፋይሎች ሊበላሹ ይችላሉ። «ኮማንድ ፕሮምፕት»ን ፈልጋችሁ በ«ረን አዝ አድሚኒስትሬተር» ክፈቱ። ኤስኤፍሲ ብላችሁ ጻፉ፣ ክፍተት አድርጉ፣ ከዚያ ስላሽና ስካንናው አያይዛችሁ ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። ይህ ዳታ አይፈልግም። መጠገን አልቻልኩም ካለ ዲዝም የሚለውን ትእዛዝ ተጠቀሙ፦ ዲዝም፣ ክፍተት፣ ስላሽ ኦንላይን፣ ክፍተት፣ ስላሽ ክሊንአፕ ሰረዝ ኢሜጅ፣ ክፍተት፣ ስላሽ ሪስቶርሄልዝ። ይህኛው ፋይል ከኢንተርኔት ሊያወርድ ስለሚችል ፓኬጅ ሙሉ። ሲጨርስ ኤስኤፍሲን ድገሙት።

የባዮስ አፕዴት ግን ያለ ዩፒኤስ አትሞክሩ። በመሃል መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ላይነሳ ይችላል።

ዊንዶውስ ጭራሽ አልገባ ካለ

የዊንዶውስ ምልክት ሲታይ የማብሪያውን ቁልፍ ይዛችሁ አጥፉት። ይህን ሦስት ጊዜ ስትደጋግሙ የጥገናው ገጽ ራሱ ይመጣል። «ትራብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ስታርትአፕ ሴቲንግስ»፣ «ሪስታርት»፣ ከዚያ ቁጥር 4። ሴፍ ሞድ ይህ ነው። 48 አኃዝ ያለው የቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) ቁልፍ ከጠየቃችሁ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ገብታችሁ ከስልካችሁ ፈልጉት።

ሴፍ ሞድ ላይ ቆዩበት። ሰላም ከሆነ ችግሩ ድራይቨር ወይም የተጫነ ፕሮግራም ነው፤ በቅርብ የጫናችሁትን አውጡ፤ «ሲስተም ሪስቶር» ካለ ወደ ደኅናው ቀን መልሱት። እዚያም ሰማያዊ ካወጣ ፊታችሁን ወደ ዕቃው አዙሩ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልዳነ አሁን ፎርማት ይፈቀዳል። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ ድጋፉ ስላበቃ ማሽናችሁ ከቻለ 11ን ጫኑ። ከጫናችሁ በኋላ ሌላ ምንም ሳትጭኑ ጥቂት ቀን ተጠቀሙ። ባዶ ዊንዶውስ ላይም ሰማያዊው ከመጣ ሶፍትዌር አይደለም።

ያኔ ጥገና ቤት ስትሄዱ የስክሪኑን ፎቶዎችና የጻፋችሁትን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። «ራሙን ለየብቻ ሞክሬአለሁ፤ ዲስኩ ጉድ ይላል፤ ፎርማት ተደርጎም አልዳነም» በሉ። ክፍያ ከመስማማታችሁ በፊት በእነሱ ደኅና ራምና ፓወር ሰፕላይ ፊታችሁ አስነስተው እንዲያሳዩ ጠይቁ። ዕቃ ከተቀየረም አሮጌውን ተቀብላችሁ ውጡ።